አንሪ ላንግሏ

አንሪ ላንግሏ (ኅዳር 4 ቀን 1907 – ጥር 5 ቀን 1969 ዓ.ም.) ፈረንሳያዊ የፊልም ሰብሳቢና የሲኔማቴክ ፍራንሴዝ፣ ማለትም የፈረንሳይ የፊልም ቤተ መዛግብት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በፊልም ሠሪነት አይታወቅም። የሚታወቀው ገበያው የተዋቸውን፣ ሊጣሉ ወይም ሊቀልጡ የነበሩ ፊልሞችን በመሰብሰብ፣ በመደበቅና ለሕዝብ በማሳየት ነው። ከሰበሰባቸው ፊልሞች የብዙዎቹ መብት የእርሱ አልነበረም። ስለዚህም የሕይወት ታሪኩ፣ ማንም የማይሸጠውን ሥራ ያለ ፈቃድ ማስቀመጥና ማሳየት ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ላንግሏ በኅዳር 1914 በኦቶማን መንግሥት ሥር በነበረችው ሰምርኔስ (የዛሬዋ ኢዝሚር፣ ቱርክ) ከፈረንሳያዊ ቤተሰብ ተወለደ። በ1922 ከተማዋ በእሳት ስትወድም ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ተሰደደ። ልጁ ከትምህርቱ ይልቅ ሲኒማ ቤት ይማርከው ነበር።

ያደገው ሲኒማ በፍጥነት በሚለወጥበት ዘመን ነው። በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም ከተሳካ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድምፅ አልባው ፊልም ፈላጊ አጣ። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ሲሆን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ምስሉን የሚይዘው ሽፋን ደግሞ ብር አለበት። በመሆኑም ለብዙ ኩባንያዎች አሮጌውን ፊልም መጋዘን ተከራይቶ ከማስቀመጥ ይልቅ አጥቦ ብሩን ማውጣት ያዋጣቸው ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ ከተሠሩት ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ፈጽሞ ጠፍተዋል።

የሲኔማቴክ ምሥረታ

ላንግሏ በ1935 ከጓደኛው ከዦርዥ ፍራንዡ ጋር አሮጌ ፊልሞችን የሚያሳይ ክበብ ጀመረ። በ1936 ደግሞ ሁለቱ ከዣን ሚትሪ ጋር ሆነው ሲኔማቴክ ፍራንሴዝን መሠረቱ። ሲጀመር የነበራቸው ፊልም አሥር ያህል ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው መጋዘናቸው በኦርሊ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ውስጥ የነበረ ባዶ ቤት ነው። ቁልፉን የሰጡት በዚያው ይኖር ለነበረው ለአንጋፋው የፊልም ሠሪ ለዦርዥ ሜልየስ ነበር። ሜልየስ በ1923 ሥራው ከስሮበት የራሱን ፊልሞች ኔጋቲቭ በእጁ ያቃጠለ ሰው ነው። ከእርሱ ሥራዎች ዛሬ የሚታዩት፣ በየቦታው ተበትነው በሌሎች ሰዎች እጅ ከቀሩ ቅጂዎች የተገኙ ናቸው።

ላንግሏ ፊልም ያገኝ የነበረው በልዩ ልዩ መንገድ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገዛል፤ ሊወገዱ የተቃረቡ ቅጂዎችን ከአከፋፋዮች ይለምናል፤ ከፕሮዲውሰሮችም በአደራ ይቀበላል። ቦታ ሲጠበው በቤቱ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሳይቀር ፊልም ያስቀምጥ እንደነበር ይነገራል። በ1938 ሲኔማቴክ ከኒውዮርክ፣ ከለንደንና ከበርሊን ቤተ መዛግብት ጋር የዓለም አቀፉን የፊልም ቤተ መዛግብት ፌዴሬሽን መሠረተ።

በጦርነቱ ጊዜ

ጀርመን በ1940 ፓሪስን ስትይዝ የአሜሪካና የእንግሊዝ ፊልሞችን ማሳየት ተከለከለ። ላንግሏና ባልደረቦቹ ፊልሞችን ከፓሪስ እያወጡ በተለያዩ ቦታዎች ደበቁ። ከናዚ ሸሽታ ወደ ፈረንሳይ የመጣችው አይሁዳዊት የፊልም ሐያሲ ሎተ አይስነር በጉር የእስረኞች ካምፕ ከታሰረች በኋላ አምልጣ፣ ስሟን ለውጣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ተደብቃ ኖረች። እዚያም በአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት የተሸሸጉ ፊልሞችን ትጠብቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሲኔማቴክ ዋና ባለሙያ ሆና ሠርታለች።

የመብትና የአጠባበቅ ክርክር

የፊልም ቅጂ በእጅ መኖሩ ፊልሙን ለሕዝብ የማሳየት መብት አይሰጥም። መብቱ የፕሮዲውሰሩ ወይም የወራሾቹ ነው። በተለምዶ የአከፋፋዩ ውል ሲያበቃ ቅጂዎቹ እንዲመለሱ ወይም እንዲጠፉ ይደረግ ነበር። ላንግሏ ግን ሁልጊዜ ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። በእርሱ እምነት ፊልም የሚኖረው ሲታይ ነው። ባለቤቱ የማይሸጠውን፣ የማያሳየውንና የማይጠብቀውን ሥራ ለተመልካች ማቅረብ ከማንም ገበያ አይወስድም።

ሕግን ሙሉ በሙሉ መፈጸም ሥራን ሊያጠፋ እንደሚችል የኖስፌራቱ ታሪክ ያሳያል። በ1922 የወጣው ይህ የጀርመን ፊልም ከድራኩላ ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለነበር፣ የደራሲው ሚስት ከስሳ በ1925 ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ተፈረደላት። የደራሲው ሚስት ቅሬታ እውነተኛ ነበር። ሆኖም ፊልሙ ለዛሬ የደረሰው ትእዛዙ ያልደረሳቸው ቅጂዎች በመኖራቸው ነው። በኋላ ፊልሙ ሲታደስ ከረዱት ቅጂዎች አንዱ የተገኘው በሲኔማቴክ ነው።

የላንግሏ አሠራር ተቺዎችም ነበሩት። የብሪታንያው ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት ኃላፊ ኧርነስት ሊንድግረን፣ ብቸኛ ቅጂ ሌላ ሳይቀዳለት በማሳያ መሣሪያ ውስጥ መግባት የለበትም ባይ ነበር። የሲኔማቴክ መዝገብ አያያዝ ደካማ ስለነበር ምን እንዳለና የማን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። በሐምሌ 1959 በፓሪስ በተነሣ ቃጠሎ በአደራ የተቀመጡ ፊልሞች ጠፉ። አደራ የሰጡ ሰዎች ንብረታቸው ሲወድም የላንግሏ በጎ ፈቃድ ብቻ ካሳ አልሆናቸውም።

ማሳያ አዳራሹና የ1968ቱ ውዝግብ

ሲኔማቴክ በ1948 በሜሲን ጎዳና ትንሽ አዳራሽ ከፈተ። በ1955 ወደ ዩልም መንገድ፣ በ1963 ወደ ሻዮ ቤተ መንግሥት ተስፋፋ። ፍራንሷ ትሩፎ፣ ዣን ሉክ ጎዳርና ዣክ ሪቬት የፊልምን ታሪክ የተማሩት በአብዛኛው በዚህ ነው። ኋላ ኑቬል ቫግ (አዲሱ ሞገድ) የተባለውን የፊልም እንቅስቃሴ ፈጠሩ።

በፌብሩዋሪ 1968 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ፣ የመንግሥት ድጎማ የሚቀበለው ተቋም አስተዳደሩ የተዝረከረከ ነው በሚል ላንግሏ ከኃላፊነቱ እንዲነሣ አደረገ። የፊልም ሠሪዎችና ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስም በዱላ በተናቸው። ቻርሊ ቻፕሊንን፣ አልፍሬድ ሂችኮክንና አኪራ ኩሮሳዋን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የመጡ ፊልም ሠሪዎች ላንግሏን ደገፉ። ብዙዎቹም እርሱ ካልተመለሰ ሲኔማቴክ ፊልሞቻቸውን እንዳያሳይ ከለከሉ። ፈቃድ ሳይጠይቅ ያሳያል የተባለውን ሰው፣ ፈቃድ የመንፈግ መብታቸውን ተጠቅመው የታደጉት ራሳቸው የሥራዎቹ ፈጣሪዎች ነበሩ። ላንግሏ በኤፕሪል 1968 ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መንግሥት ግን ድጎማውን ቀነሰ። በ1969 የራሱን የፊልም ቤተ መዛግብት በቧ ዳርሲ አቋቋመ።

የመጨረሻ ዓመታትና ውርስ

ላንግሏ በ1972 በሻዮ የሲኒማ ሙዚየም ከፈተ። በ1974 የክብር ኦስካር ተሸለመ። በዚያን ጊዜ የሲኔማቴክ ስብስብ ከ60,000 ፊልሞች በላይ እንደነበር ይገመታል። በጃንዩዌሪ 1977 በ62 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ፤ የተቀበረውም በሞንፓርናስ መቃብር ነው። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ የፊልም ቅጂን ለመንግሥት ቤተ መዛግብት የማስረከብ ግዴታ ተግባራዊ ሆነ።

እርሱ በልማድ ያደርገው ከነበረው ጥቂቱ ዛሬ በሕግ ተፈቅዷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ባለመብታቸው ተፈልጎ ያልተገኘ ሥራዎችን፣ በ2019 ደግሞ ከገበያ የወጡ ሥራዎችን የሚመለከቱ መመሪያዎች አውጥቷል። በእነዚህ መሠረት ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየሞችና የፊልም ቤተ መዛግብት በተወሰነ ሁኔታ ሥራዎቹን ቀድተው ለሕዝብ ማቅረብ ይችላሉ። ባለመብቱ ሲገኝ ሥራው እንዲነሣ የመጠየቅ መብቱም ተጠብቋል። ፈቃዱ የተሰጠው ግን ለተቋማት ነው። በ1936 እንደነበረው እንደ ወጣቱ ላንግሏ አሥር ፊልም ይዞ በራሱ የሚጀምር ግለሰብን አይሸፍንም።