ኮሎኔል ሁበርት ጁሊያንና የ1923ቱ የልምምድ በረራ

በአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ስማቸው ሲነሣ ፈገግታ ከሚያጭሩት ሰዎች አንዱ ኮሎኔል ሁበርት ጁሊያን ናቸው። የንጉሡን አይሮፕላን ከባሕር ዛፍ ጋር ያላተሙ ሰው እየተባለ ይወራላቸዋል። ወሬው ሐሰት ባይሆንም፣ አደጋውን በሙያ ዐይን ለሚመረምር ሰው ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈ ነው።

ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 በትሪኒዳድ ደሴት ተወለዱ። በኒው ዮርክ ሐርለም ሠፈር በፓራሹት በመዝለል ዝና አተረፉ፤ ጥቁሩ ንስር የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው። ሰኔ 27 ቀን 1916 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» ብለው በሰየሙት የባሕር አይሮፕላን ወደ አፍሪካ ለመብረር ተነሥተው፣ ከደቂቃዎች በኋላ እዚያው ኒው ዮርክ አጠገብ ውሃ ላይ ወደቁ። ለጕዞው ገንዘብ ያዋጣው የሐርለም ሕዝብ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ገቡ። በንጉሥ ተፈሪ ፊት በፓራሹት ወርደው ስለ ድፍረታቸው የኮሎኔልነት ማዕረግና የኢትዮጵያ ዜግነት ተሰጣቸው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ከተማይቱ ላይ ካረፈ ገና ዓመት ስላልሞላው፣ አገሪቱ የነበሯት አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ ጂፕሲ ሞዝ የተባለችው ቀላል አይሮፕላን ስትሆን፣ ንጉሡ አብልጠው ይወዷት ነበር።

የዘውድ በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሊከበር ጥቂት ሲቀረው ለትርኢቱ ልምምድ ይደረግ ነበር። ጁሊያን ይህችኑ አይሮፕላን አስነሥተው ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጯት። እሳቸው ተረፉ፤ አይሮፕላኗ ተሰባበረች። ኋላ ተንኰል ተሠርቶብኛል ቢሉም ሰሚ አላገኙም።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2400 ሜትር ገደማ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። 100 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው የዚያ ዘመን ሞተር፣ ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ ስለሌለው፣ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። መሬት የሚነካበት ትክክለኛ ፍጥነትም ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ሜዳው ያጥራል፤ ዛፉ ይቀርባል። ዳግማዊ ምኒልክ ለማገዶ ያስተከሉት ባሕር ዛፍ ለአብራሪ እንዲህ ያለ ዕዳ ይሆናል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ጁሊያንን ነጻ አያወጣም። በዚያው ሰሞን ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በዚሁ ቀጭን አየር ተምረው የአብራሪነት ፈተናቸውን አልፈዋል። ልዩነቱ ትዕግሥት ይመስለኛል፤ እነርሱ ከአስተማሪ ጋር ደጋግመው በረሩ፣ ጁሊያን ግን ዝናቸውን ተማምነው ብርቅ በሆነች መሣሪያ ላይ ወጡ።

ከአደጋው በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲያሠጋ ተመልሰው መጡ፤ ነገር ግን የአየር ኀይሉ አዛዥነት ለጆን ሮቢንሰን ተሰጥቶ፣ እሳቸው እግረኛ ወታደር ወደ ማሠልጠን ተላኩ። ዛሬ የገላን ኮንዶሚኒየም በሚገኝበት በአቃቂ በኩል፣ በአቃቂ የአይሮፕላን ሜዳ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን ሲሠሩ የጁሊያን እጅ አልነበረበትም። ፀሐይ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች።

ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰባቸው የበረራ አደጋ ሞቱ። ጁሊያን ግን በጦር መሣሪያ ንግድ ሲዘዋወሩ፣ በኮንጎም ታስረው ሲፈቱ ኖረው፣ በ1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐረፉ።