ሎይስ ዌበር፣ የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ሴት

በዚህ እትም የምናነሣት አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይና ዳይሬክተር ሎይስ ዌበር ናት። ከመካከላችን ስሟን የሰማን ጥቂቶች ነን። በዘመኗ ግን ከታላላቆቹ ወንድ ዳይሬክተሮች እኩል የምትጠራ ሴት ነበረች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሎይስ በ1879 ዛሬ የፒትስበርግ ከተማ አካል በሆነችው በአሌጌኒ ተወለደች። በልጅነቷ ፒያኖ ተምራ በመድረክ ትጫወት ነበር። ወጣት ሳለች ደግሞ በድሆች ሠፈር እየዞሩ ወንጌል ከሚሰብኩ ጋር ሆና መዝሙር ታሰማለች። የኋላ ፊልሞቿን ስናይ ያ ሠፈር ከልቧ እንዳልወጣ እንገምታለን። ቀጥላ ቴአትር ገባች፤ በ1904 ተዋናዩን ፊሊፕስ ስሞሊን አገባች። ባልና ሚስቱ ወደ ፊልም ተሻግረው አብረው መሥራት ጀመሩ።

በ1913 በወጣው «ሰስፐንስ» በተባለው አጭር ፊልም ራሷ ሕፃን ታቅፋ ቤት ብቻዋን የቀረችውን እናት ሆና ተጫውታለች። መስኮቱን ለሦስት ከፍላ እናቲቱን፣ ሌባውንና ስልክ የያዘውን ባል በአንድ ጊዜ ታሳያለች። በ1914 «የቬኒሱ ነጋዴ»ን አዘጋጅታ ፖርሺያን ተጫወተች፤ በአሜሪካ ረጅም ፊልም ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትጠራውም በዚህ ነው። በ1916 በዩኒቨርሳል ኩባንያ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላት ዳይሬክተር ሆነች፤ በ1917 የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች።

እኛን ይበልጥ የነካን በ1916 የሠራችው «ጫማ» ነው። ታሪኩ በሳምንት አምስት ዶላር ስለምታገኝ የሱቅ ሠራተኛ ነው። አባቷ ሥራ ሳይፈልግ አልጋ ላይ ተጋድሞ ልብ ወለድ ያነብባል። ልጅቷ ደመወዟን ለእናቷ ታስረክባለች፤ እናት በሚቀጥለው ሳምንት ጫማ እገዛልሻለሁ ትላለች፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ ይበሉታል። ጫማዋ አልቆ ካርቶን ቆርጣ ትወትፋለች። ዝናብ ሲመጣ ካርቶኑም ይሟሟል። በመጨረሻ ለአንድ ጥንድ ጫማ ስትል ገላዋን ለማትወደው ሰው ትሰጣለች፤ በማግስቱ አባት ሥራ ማግኘቱን ያበስራል። ዌበር በልጅቷ ላይ አትፈርድም። ልጃገረድ ቤተሰብ ስትጦር ያየን ሁሉ ይህን ታሪክ እናውቀዋለን።

በ1921 «ዘ ብሎት» የተባለውን ሠራች። የመምህር ሚስት ለታመመች ልጇ ስትል ከጎረቤቷ ከጫማ ሠሪው ቤት ዶሮ ለመስረቅ ትፈተናለች። የተማረ ሰው ቤት ራብ እንዴት ተደብቆ እንደሚኖር እንዲህ ያሳየ ፊልም እኛ አላየንም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተበላሸ። በ1922 ከባሏ ተፋታች፤ የራሷም ስቱዲዮ አልዘለቀም። የፊልም ሥራው በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ሲገባ ሴት ዳይሬክተሮች አንድ በአንድ ተገፉ። የመጨረሻ ፊልሟ በ1934 ወጣ። በኅዳር 1939፣ በ60 ዓመቷ፣ ገንዘብ ሳይኖራት ሞተች።

የቀብሯን ወጪ የሸፈነችው ፍራንሲስ ማሪየን ነበረች። ማሪየን ሁለት ኦስካር ያገኘች የፊልም ጸሐፊ ናት፤ ገና ስሟ ሳይታወቅ ወደ ፊልም ሥራ ያስገባቻት ሎይስ ነበረች። እድር የምንጥል ሴቶች ይህ ምን እንደሆነ አይጠፋንም።

ከፊልሞቿ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። «ጫማ» ግን በኔዘርላንድስ የፊልም ሙዚየም ታድሶ ዛሬም ይታያል።