ፍራንሲስ ግሮዝ

ፍራንሲስ ግሮዝ (1731 – 1791 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የጥንታዊ ቅርሶች አጥኚ፣ ሰዓሊ፣ የሚሊሻ መኮንንና የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በ1785 ባሳተመው የተራው ሕዝብ አነጋገር መዝገበ ቃላት ነው። ይህ መጽሐፍ ወታደሮች፣ መርከበኞች፣ ሌቦች፣ ዓሣ ሻጮችና የመሸታ ቤት ደንበኞች በየዕለቱ የሚነጋገሩባቸውን፣ የተማሩ ሰዎች ግን በጽሑፍ ለማስፈር የሚያፍሩባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቦ ይተረጉማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመኑ

ግሮዝ የተወለደው በለንደን ነው። አባቱ ከስዊዘርላንድ ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ የተቀመጠ የጌጣጌጥ ሠሪ ሲሆን በሙያው ሀብት አፍርቶ ነበር። ልጁ ግን የአባቱን ሙያ አልተከተለም፤ ሥዕል ተማረ፣ ለድሮ ዘመን ታሪክም ልዩ ፍቅር አደረበት። በ1755 የመኳንንትን የትውልድ ሐረግና የጋሻ ምልክት በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ሹመት አገኘ፤ በ1763 ሹመቱን ለቆ ወደ ሃምፕሺር ሚሊሻ ገባ። በዚያም ደመወዝ ከፋይ ሆነ።

ግሮዝ እጅግ ወፍራም፣ ተጫዋችና ወዳጅ የበዛለት ሰው ነበር፤ የሒሳብ አያያዝ ግን አይሆንለትም። የሒሳብ መዝገቦቹ ሁለቱ ኪሶቹ ብቻ እንደነበሩ፣ በአንዱ ገንዘብ እየተቀበለ በሌላው ይከፍል እንደነበር ይነገራል። ይህ ልማድ በኋላ ለገንዘብ ችግር ዳረገው። በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ እየደረበ ያሳተመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የጥንታዊ ቅርሶች ሥራው

ከ1770ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ እየተዘዋወረ የፈረሱ ግንቦችን፣ ገዳማትንና አብያተ ክርስቲያናትን ይስል ነበር። ሥዕሎቹን ከአጭር መግለጫ ጋር በክፍል በክፍል እያሳተመ ለደንበኞች ሸጠ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ድንጋያቸው ለሌላ ግንባታ እየተወሰደ በመጥፋት ላይ ነበሩ። ግሮዝ ለቃላትም ያሳየው ጥንቃቄ ከዚሁ ልማድ ጋር ይዛመዳል።

መዝገበ ቃላቱ

ከግሮዝ 30 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1755፣ ሳሙኤል ጆንሰን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር። ጆንሰን በኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢዎችም ይታወቃል፤ የጀሮም ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በ1759ም ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚተርከውን «ራሴላስ» የጻፈ ሰው ነው። ጆንሰን ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰደው ከታወቁ ደራስያን ጽሑፍ ነው። የመንገድና የገበያ ቃላትን በብዛት ትቷቸዋል፤ ያስገባቸውንም አንዳንዶቹን ዝቅተኛ ቃል ብሎ ምልክት አድርጎባቸዋል።

ግሮዝ ጆንሰን ከተወው ጀመረ። ከእሱ በፊት የነበሩትን የሌቦች ቋንቋ ዝርዝሮች ሰበሰበ፤ በዚህ ላይ ከወታደሮች ጉዞ፣ ከመርከበኞች ሥራ፣ ከዓሣ ሻጭ ሴቶች ጭቅጭቅና ከወንዝ ጀልባ ተሳፋሪዎች ጨዋታ የሰማውን ጨመረ። በ1823 መጽሐፉን እንደገና ያሳተመው ፒርስ ኢገን፣ ግሮዝ በሌሊት ባልደረባውን አስከትሎ በለንደን የድሆች ሰፈሮችና መሸታ ቤቶች ይዞር እንደነበር ተርኳል።

በመጽሐፉ ልዩ ልዩ እትሞች ከሚገኙት ቃላት መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

• «የዳቦ ቅርጫት» ማለት ሆድ ነው፤ «የአዳም ጠላ» ደግሞ ውኃ፤ አዳም ሌላ መጠጥ አልነበረውምና።

• «የዳቦ ጋጋሪ ደርዘን» በግሮዝ አተረጓጎም 14 ነው፤ ዛሬ ግን 13ን ያመለክታል። ጋጋሪዎች ዳቦ አጉድለው በመሸጥ እንዳይቀጡ በደርዘን ላይ ምራቂ ይጨምሩ ነበር።

• «ባልዲውን መርገጥ» ማለት መሞት ነው። ግሮዝ ትርጉሙን እንጂ መነሻውን አልጻፈም። አንዳንዶች ራሱን የሚሰቅል ሰው ከሚቆምበት ባልዲ ጋር ያያይዙታል። ሌሎች ደግሞ በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች የታረደ አሳማ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት በዚሁ ስም ይጠራ እንደነበር ያስታውሳሉ።

• «የታይበርን አበባ» ገና ልጅ የሆነ ሌባ ነው። ታይበርን እስከ 1783 ድረስ የለንደን የስቅላት ቦታ ስለነበር፣ አበባው አንድ ቀን ፍሬ ሆኖ በዚያ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

በመዝገቡ ውስጥ ስቅላትን የሚመለከቱ ቃላት ብዙ ናቸው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ወደ 200 ይጠጉ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የስርቆት ዓይነቶች ነበሩ። ለድሃው ገመዱ ሩቅ ስላልነበረ፣ በቀልድ ስም እየሰጠ አብሮት ኖረ። ስለዚህ መጽሐፉ ዛሬ ከቋንቋ አጥኚዎች ሌላ የማኅበራዊ ታሪክ ጸሐፊዎችንም ያገለግላል።

መጽሐፉ ነቀፋም አልቀረለትም። የብልግና ቃላት በዝተውበታል ስለተባለ ግሮዝ በ1788 ባወጣው ሁለተኛ እትም አንዳንዶቹን አስወጣ፣ አንዳንዶቹንም አለዘበ። በ1787 ደግሞ የየክፍለ ሀገሩን ቃላት፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ባህላዊ እምነቶች የያዘ ሌላ መጽሐፍ አሳትሟል።

ከሮበርት በርንስ ጋር

በ1789 ግሮዝ የስኮትላንድን ቅርሶች ለመሳል ወደዚያ ሄደ። በአንድ ወዳጁ ቤት ገጣሚውን ሮበርት በርንስን አገኘውና በቶሎ ተግባቡ። በርንስ አባቱ የተቀበረበት የአሎዌይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በመጽሐፉ እንዲገባ ጠየቀ፤ ግሮዝም ስለ ቦታው የጠንቋዮች ታሪክ ከጻፈለት እንደሚያስገባው ቃል ሰጠ። «ታም ኦሻንተር» የተባለው ዝነኛ ግጥም የተጻፈው በዚህ ስምምነት ነው፤ በ1791ም በግሮዝ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ግጥሙ የተጻፈው በአብዛኛው በስኮትላንድ ገበሬዎች አነጋገር ነው።

ሞቱና ቅርሱ

በዚያው በ1791 ግሮዝ የአየርላንድን ቅርሶች ለማጥናት ወደ ደብሊን ተሻገረ፤ ሥራው ብዙም ሳይራመድ በዚያው ከተማ ሞተ። የተቀበረው በደብሊን ድራምኮንድራ ቤተ ክርስቲያን ነው። የጀመረውን መጽሐፍ ኤድዋርድ ሌድዊች ፈጸመለት።

መዝገበ ቃላቱ ከሞቱ በኋላ በ1796፣ በ1811ና በ1823 እየተሻሻለ ታትሟል። የ1811ዱ እትም ተማሪዎች ዛሬ በሚገባ የሚያውቁትን «ኩዊዝ» የሚለውን ቃል ይዟል፤ ትርጉሙ ግን ፈተና ሳይሆን በኦክስፎርድ የሚነገር፣ መልኩ ወይም ጠባዩ እንግዳ የሆነ ሰው ማለት ነበር። አንድ የደብሊን ቲያትር ቤት ኃላፊ በውርርድ ቃሉን በአንድ ሌሊት በከተማው ግድግዳዎች ላይ አስጽፎ ፈጠረው የሚል ታሪክ ይነገራል። ክስተቱ በ1791 አካባቢ ሆነ ይባላል፤ ቃሉ ግን በ1782 በተጻፈ የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ስለሚገኝ ታሪኩ ሊጸና አልቻለም። የአራዳ ቃላት መነሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ አፈ ታሪክ ይሸፈናል፤ ቃሉ መቼ በጽሑፍ እንደዋለ የሚያሳዩ እንደ ግሮዝ ያሉ መዝገቦች የሚፈለጉትም እውነቱን ለመለየት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኤሪክ ፓርትሪጅ የግሮዝን መጽሐፍ በ1931 ከማብራሪያ ጋር እንደገና አሳተመ። በ1937ም የራሱን ሰፊ የአራዳ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ለብዙ ቃላት ግሮዝን በምስክርነት ይጠቅሳል።