ሄለን ታውሲግ

ሄለን ብሩክ ታውሲግ (ሜይ 24 ቀን 1898 – ሜይ 20 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም ነበረች። ሕፃናት ይዘዋቸው የሚወለዱትን የልብ ችግሮች የሚመለከተው የሕክምና ዘርፍ መሥራች ተደርጋ ትታያለች። ቆዳቸውና ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ የሚወለዱ ሕፃናትን ሕመም በሕይወት እያሉ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይታለች፤ ብዙዎቹን ያዳነው ቀዶ ጥገናም መነሻ ሐሳቡ የእሷ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሄለን በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ ተወለደች፤ ከአራት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አባቷ ፍራንክ ታውሲግ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ነበር። እናቷ ኢዲት ጊልድ ራድክሊፍ ኮሌጅ መጀመሪያ ከተቀበላቸው ሴት ተማሪዎች አንዷ ናት። ሄለን 11 ዓመት ሲሆናት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። እሷም በልጅነቷ በዚሁ በሽታ ተይዛ ከትምህርቷ ተስተጓጉላለች። በዚያ ላይ ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ነበረባት። ፊደላቱ እየተምታቱባት ስትቸገር አባቷ በትዕግሥት እያስጠና ማንበብ እንድትችል ረድቷታል።

በራድክሊፍ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (በርክሌይ) ሄዳ በ1921 የመጀመሪያ ዲግሪዋን አገኘች። ሐኪም ለመሆን ስትወስን መጀመሪያ ያሰበችው ሃርቫርድን ነበር፤ ይሁንና የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ሴቶችን አይቀበልም ነበር፤ በሩን የከፈተላቸው በ1945 ነው። በዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ልትማር እንደምትችል ተነገራት፤ ዲግሪ ግን አይሰጣትም። አንድ ኮርስ እንድትከታተል ሲፈቀድላትም ከወንዶቹ ተለይታ ጥግ ላይ መቀመጥ ነበረባት።

ከዚያ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተሻገረች። የአናቶሚ መምህሯ አሌክሳንደር ቤግ አንድ ቀን የበሬ ልብ ሰጥቶ እንድታጠናው መከራት። ከልቡ ጡንቻ ቀጫጭን ቁራጮች ወስዳ ከሰውነት ተለይተውም እንዴት እንደሚኮማተሩ መረመረች፤ ውጤቱም ታትሞ ወጣ። ዕድሜ ልኳን ያልተለየችው የልብ ጥናት የጀመረው በዚህ አጋጣሚ ነው። ቤግ ራሱ ወደተሻለ ትምህርት ቤት እንድትሄድ ገፋፍቷት በባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ገባችና በ1927 በሕክምና ተመረቀች። በዚያ በአዋቂዎች የውስጥ ደዌ ክፍል ለመሥራት ብትፈልግም ቦታው ለሌላ ሴት ተሰጠ፤ በዚህ ምክንያት ወደ ሕፃናት ሕክምና አዘነበለች።

በእጅ የሚሰማ ልብ

በ1930 የሕፃናት ክፍል ኃላፊው ኤድዋርድስ ፓርክ በሆፕኪንስ ሃሪየት ሌን ሆም የሚገኘውን የሕፃናት የልብ ክሊኒክ እንድትመራ ሾማት። ያን ጊዜ የክሊኒኩ ታካሚዎች አብዛኞቹ በሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት ልባቸው የተጎዳ ልጆች ነበሩ። ፓርክ ግን ማንም ብዙ ትኩረት ያልሰጣቸውን፣ ከልብ ችግር ጋር የተወለዱትን ሕፃናት እንድታጠና አጥብቆ አሳሰባት። ታውሲግ መጀመሪያ ላይ ደስ አላላትም ነበር። ምክንያቱም እነዚህ ሕመሞች ለሐኪም ተስፋ አስቆራጭ ነበሩ፤ በሕይወት ያለ ሕፃን ልቡ ውስጥ ምን እንደጎደለ በትክክል መለየት አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ቢታወቅም የሚሰጠው ሕክምና አልነበረም። የካናዳዋ ሐኪም ሞድ አቦት በ1936 ያሳተመችው 1,000 ጉዳዮችን የያዘ ታላቅ መድብል እንኳ በዋናነት የተመሠረተው ከሞት በኋላ በተመረመሩ ልቦች ላይ ነው። ታውሲግ ይህችን ሴት ለማግኘት ሞንትሪያል ድረስ ሄዳለች።

በዚሁ ጊዜ ገደማ የመስማት ችሎታዋ እየደከመ ሄደ። የልብ ሐኪም ዋና መሣሪያ በሆነው ማዳመጫ መተማመን ስላልቻለች መዳፏንና ጣቶቿን በሕፃኑ ደረት ላይ አስቀምጣ የልቡን አመታትና ንዝረት መለየት ተማረች። ሰዎች ሲናገሩ ከንፈራቸውን እያየች ትረዳ ነበር። ጉዳቱ በጎ ጎን ነበረው ማለት ተገቢ አይመስልም፤ ግን አንድ ሐኪም ጆሮው የነገረውን ብቻ ይዞ የሚያልፈውን ነገር እሷ ቆም ብላ በዓይንና በእጅ እንድትመረምር አስገድዷታል።

ሌላው መሣሪያዋ ፍሎሮስኮፕ ነበር። ይህ የራጅ ዓይነት አንድ ፎቶ አንስቶ የሚያቆም ሳይሆን እየመታ ያለውን ልብ በስክሪን ላይ የሚያሳይ ነው። ታውሲግ ልጁን ከፊት ታያለች፤ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረች የትኛው የልብ ክፍል እንዳበጠ፣ የትኛው እንደጠበበ፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ይመታ አይመታ እንደሆነ ትከታተላለች። ሕፃኑ ባሪየም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሲውጥ የምግብ ቧንቧው በራጁ ስለሚታይ ልቡና ትልልቆቹ ደም ቅዳዎች ወዴት እንደሚገፉት ማወቅ ይቻላል። ይህን ከልጁ መልክ፣ ከአተነፋፈሱና ከልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ውጤት ጋር ታስተያያለች። ልጁ የሞተ እንደሆነም ልቡን ከፍታ በሕይወት ሳለ የጻፈችውን ግምት ትፈትሻለች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸው ልቦች በስክሪኑ ላይ ተመሳሳይ ቅርጽ ነበራቸው። በ1936 የታተመው ጥናቷ የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል በሚገባ ሳያድግ ስለሚቀርበት ብርቅ የሆነ ችግር ነው። እንዲህ ዓይነት ልብ ያለው ሕፃን ካየች በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ሲመጣ ከሞቱ በፊት ለይታ ማወቅ ችላለች። ከዚያ በኋላ ያልተለመደ ልብ እንቆቅልሽ መሆኑ ቀርቶ እንደ ካርታ የሚነበብ ነገር እየሆነ ሄደ።

ሰማያዊዎቹ ሕፃናት

ብዙ ጊዜ ከምታያቸው ሰማያዊ ሕፃናት መካከል በፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሉዊ አርተር ፋሎ ስም የሚጠራው ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ ያለባቸው ይገኙበታል። ፋሎ ይህን ሕመም በ1888 የገለጸው አራት ጉድለቶች በአንድ ልብ ላይ ተያይዘው እንደሚገኙ በማሳየት ነው። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ይጠባል፤ በሁለቱ የታችኛው ልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ፤ አኦርታ የሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ ከቀዳዳው በላይ ተንፈራጥጦ ይቀመጣል፤ የቀኙ ጡንቻም በጠባቡ መንገድ ለመግፋት ሲታገል ይወፍራል። ወደ ሳንባ መሄድ ያልቻለው ኦክስጅን የጎደለው ደም በቀዳዳው በኩል ወደ አኦርታ ገብቶ ወደ ሰውነት ይሰራጫል። የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ነው።

እነዚህ ልጆች ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቁጢጥ ይላሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ሰውነታቸው ራሱ ያገኘው መላ ነው። ቁጢጥ ሲሉ በእግሮቻቸው ያሉት ደም ቅዳዎች ስለሚጨመቁ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ስለዚህ ከቀኝ ልብ ወደ አኦርታ ሊያመልጥ የነበረው ደም በከፊል ወደ ሳንባ ይገፋል። ሕፃኑ በድንገት ይበልጥ ሲጠቁርና ሲያቃስት ጉልበቱን ወደ ደረቱ ማጠፍ ዛሬም ወላጆችና ሐኪሞች መጀመሪያ የሚወስዱት እርምጃ ነው።

የታውሲግ ትልቁ ግኝት ግን ሌላ ነው። ፅንስ በማሕፀን ሳለ ስለማይተነፍስ ሳንባውን የሚዘል አጭር ቧንቧ በሳንባ ደም ቅዳና በአኦርታ መካከል አለ። ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ታውሲግ እንዳየችው አንዳንድ ሰማያዊ ሕፃናት ሲወለዱ ደህና ይመስላሉ፤ ይህ ቧንቧ ሲዘጋ ግን በፍጥነት ይደክማሉ፣ ይሞታሉ። ቧንቧው ክፍት የቀረላቸው ደግሞ የተሻለ ይኖራሉ። ከዚህ የተነሣ ሕፃናቱን የሚገድላቸው በአብዛኛው ሳንባቸው በቂ ደም ማጣቱ እንደሆነ ደመደመች። እንዲህ ከሆነ የተዘጋውን ቧንቧ የሚተካ ሌላ በእጅ መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

በ1938 በቦስተን ሮበርት ግሮስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ሳይዘጋ የቀረን እንዲህ ያለ ቧንቧ በቀዶ ጥገና ቋጥሮ ዘግቶ ነበር። ታውሲግ ወደ እሱ ሄዳ መዝጋት ከቻለ መክፈትስ አይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ግሮስ ሐሳቡን አልተቀበለውም።

ብላሎክ፣ ቶማስና የ1944ቱ ቀዶ ጥገና

በ1941 አልፍሬድ ብላሎክ የሆፕኪንስ የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኖ መጣ። ከእሱ ጋር የመጣው ቪቪያን ቶማስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ኮሌጅ ገብቶ ሐኪም ለመሆን ያጠራቀመው ገንዘብ ባንክ ሲከስር ስለጠፋበት በቤተ ሙከራ ሠራተኛነት ተቀጥሮ የቀዶ ጥገናን ጥበብ በሥራ ላይ የተማረ ሰው ነው። ሁለቱ ቀደም ሲል በናሽቪል ከተማ ለሌላ ጥናት በውሾች ላይ ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከሳንባ ደም ቅዳ ጋር አጋጥመው ሰፍተው ነበር። ታውሲግ ችግሯን ስታስረዳቸው መልሱ በከፊል በእጃቸው ነበር። ቶማስ መጀመሪያ ውሾቹን እንደ ሕፃናቱ ሰማያዊ የሚያደርግ ሁኔታ መፍጠር፣ ከዚያ ያንኑ በስፌት ማስተካከል ነበረበት፤ ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ።

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ተደረገ። ታካሚዋ የ15 ወር ሕፃን ስትሆን ክብደቷ ከ5 ኪሎ በታች ነበር። ብላሎክ ሲሠራ ቶማስ ከኋላው በርጩማ ላይ ቆሞ ስፌቱ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ይነግረው ነበር። ሕፃኗ ተሽሏት ከሆስፒታል ወጣች፤ ከወራት በኋላ ግን እንደገና ታማ ሞተች። ሦስተኛው ታካሚ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የደም ቅዳው ማሰሪያ ሲለቀቅ ገና ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሳይነሣ ከንፈሩ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ተለወጠ።

ብላሎክና ታውሲግ የሦስቱን ታካሚዎች ታሪክ በሜይ 1945 አሳተሙ። የቶማስ ስም በጽሑፉ ላይ አልነበረም። ወሬው እንደተሰማ ወላጆች ከአሜሪካ ዙሪያና ከውጭ አገር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባልቲሞር ጎረፉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ሕሙማን ተሠርተዋል።

እዚህ ላይ የታውሲግ ድርሻ ሐሳብ ማቅረብ ብቻ እንዳልነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰማያዊ የሆነ ሕፃን ሁሉ በዚህ ቀዶ ጥገና አይጠቀምም። ለምሳሌ ሁለቱ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ቦታ በተለዋወጡበት ልብ ውስጥ ሕፃኑ ሰማያዊ ይሁን እንጂ ሳንባው ደም አልጎደለበትም። በቀጭን ቱቦ ልብ ውስጥ ገብቶ መመርመር ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ደረት የሚከፍተው በአብዛኛው እሷ በእጇ፣ በዓይኗና በፍሎሮስኮፕ ባረጋገጠችው ላይ ተማምኖ ነበር።

ቀዶ ጥገናው የብላሎክ–ታውሲግ ቀዶ ጥገና ተባለ። ሆፕኪንስ ለቶማስ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1976 ነው፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ስሙን ጨምረው የብላሎክ–ቶማስ–ታውሲግ ይሉታል። መዘግየቱ ቢያሳዝንም ከመቅረት ይሻላል። ቀዶ ጥገናው ጉድለቱን አያርምም፤ ጊዜ ይገዛል። ልብን ከፍቶ ቴትራሎጂን ሙሉ በሙሉ መጠገን የተቻለው በ1954 በሚኒሶታ በዋልተን ሊሌሃይ እጅ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ያንኑ የተፈጥሮ ቧንቧ ለጊዜው ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮስታግላንዲን የተባለ መድኃኒት ሥራ ላይ ዋለ፤ ይህም የታውሲግን የቀድሞ አስተውሎት በመርፌ መተግበር ነው።

ሌሎች ሥራዎች

በ1947 ስለ ልብ የውልደት ጉድለቶች የጻፈችው መጽሐፍ ለዘርፉ የመጀመሪያው ሙሉ የሐኪም መመሪያ ሆነ፤ በ1960 በሁለት ቅጽ ተሻሽሎ ወጣ። በ1949 ከሪቻርድ ቢንግ ጋር ያልተለመደ አንድ የልብ ቅርጽ ገለጸች፤ አኦርታው ሙሉ በሙሉ ከቀኝ ልብ ይወጣል፣ የሳንባ ደም ቅዳውም በአብዛኛው በቀኝ በኩል ሆኖ ከግድግዳው ቀዳዳ በላይ ይቀመጣል። ዛሬም ታውሲግ–ቢንግ ይባላል። ታካሚዎቿን ከቀዶ ጥገና በኋላ አትረሳም ነበር፤ አድገው ሥራ ሲይዙና ሲወልዱ ሁሉ እየተከታተለች ውጤታቸውን ጽፋለች። ክሊኒኳ ከብዙ አገሮች የመጡ ወጣት ሐኪሞች የሠለጠኑበት ነበር።

በጃንዋሪ 1962 ከእነዚህ ሠልጣኞች አንዱ የነበረው ጀርመናዊው አሎይስ ቦይረን በአገሩ እጅና እግራቸው ሳያድግ የሚወለዱ ሕፃናት መብዛታቸውንና ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት መጠርጠሩን ነገራት። ወዲያው ወደ ጀርመን ሄዳ ክሊኒኮችን እየዞረች ሕፃናቱን በዓይኗ አየች። ስትመለስ ለሐኪሞች ማኅበራትና ለኮንግረስ መሰከረች። በአሜሪካ መድኃኒቱ ለገበያ እንዳይቀርብ ይዛው የቆየችው የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሐኪም ፍራንሲስ ኬልሲ ነበረች፤ የታውሲግ ምስክርነትም በዚያው ዓመት የመድኃኒት ፈቃድ ሕግ እንዲጠብቅ ካገዙት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ሆፕኪንስ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሰጣት በ1959፣ 61 ዓመት ሊሞላት ወይም ሞልቷት ሳለ ነው። በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የነፃነት ሜዳልያ ሸለማት፤ በ1965 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ በአባልነት የመረጣት ግን በ1973 ነው፤ ብላሎክ ይህን ያገኘው ከብዙ ዓመታት በፊት ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1963 ጡረታ ብትወጣም ምርምሯንና ጽሑፏን አላቆመችም። በኋላ ወደ ፔንሲልቫኒያ ተዛውራ በኬኔት ስኩዌር አቅራቢያ ስትኖር የወፎችን ልብ ታጠና ነበር፤ በሰው ልጅ ላይ የሚታዩት ጉድለቶች ምንጫቸው ምን እንደሆነ በዚያ በኩል ፍንጭ ለማግኘት ነው። አላገባችም፣ ልጅም አልነበራትም። ሜይ 20 ቀን 1986 ጓደኞቿን ወደ ምርጫ ጣቢያ በመኪና አድርሳ ስትመለስ በደረሰባት የመኪና ግጭት ሞተች። 88 ዓመት ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷት ነበር።