መምህርና የጎሣ አለቃ አልበርት ሉቱሊ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ወደ ሥልጣን እንዴት እንደ ወጡ ነው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ከሥልጣን የወረዱ የአንድ ሰው ታሪክ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። እኚህም ሰው በደቡብ አፍሪቃ የዘር ልዩነትን አገዛዝ የተቃወሙት አልበርት ሉቱሊ ናቸው። ዘመኑን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሉቱሊ የተወለዱት በ1898 ገደማ፣ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፣ በቡላዋዮ አጠገብ ነው። የዙሉ ስማቸው ምቩምቢ ሲሆን ትርጓሜውም ሳያቋርጥ የሚዘንብ ዝናብ ማለት ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፣ እናታቸው በናታል አውራጃ ወደምትገኘው ወደ አባታቸው ወገኖች መንደር ወደ ግሩትቪል አመጧቸው። እኚህ እናት አትክልት እየተከሉና የሰው ልብስ እያጠቡ ልጃቸውን አስተማሩ። ሉቱሊም አድገው በአዳምስ ኮሌጅ መምህር ሆኑ። በፎርት ሄር ኮሌጅ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ነጻ ዕድል ቢሰጣቸውም፣ በደመወዛቸው እናታቸውን መጦርን መርጠው ሳይቀበሉት ቀሩ። ይህ ምን ያህል ከባድ ምርጫ እንደ ነበረ እኛ ተማሪዎች በቀላሉ እንረዳዋለን።

ከዚያ በኋላ የግሩትቪል ሽማግሌዎች አለቃችን ይሁኑልን ብለው ለመኗቸው። የአለቃው ደመወዝ ከመምህሩ ያነሰ ነበርና ሁለት ዓመት ያህል አስበውበት፣ በ1936 ሹመቱን ተቀበሉ። ሙግት እየሰሙ፣ የተጣላውን እያስታረቁ፣ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን በማኅበር እያሰባሰቡ ሲኖሩ የችግሩን ሥር አዩ። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለጥቁሮች የተወላቸው ከአገሪቱ መሬት ከመቶ 7 እጅ ያህሉን ብቻ ነበር። በ1936 የወጣውም ሕግ የፈቀደው ወደ 13 እጅ ከፍ እንዲል ብቻ ነው። ጥቁሮቹ ግን ከሕዝቡ አብዛኞቹ ነበሩ። አለቃ የቱንም ያህል በትክክል ቢፈርድ የሌለ መሬት ሊያካፍል አይችልም።

ስለዚህ ሉቱሊ በ1940ዎቹ ዓመታት የአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግሬስ አባል ሆኑ። በ1948 ሥልጣን የያዘው መንግሥት አፓርታይድ የተባለውን የዘር ልዩነት በየሕጉ አጠነከረ። በ1952 ሕዝቡ እነዚህን ሕጎች ያለ ጠብ፣ በግልጽ መጣስ ጀመረ፤ ከ8,000 በላይ ሰዎችም ታሰሩ። መንግሥቱም ሉቱሊን ጠርቶ ከአለቅነታቸውና ከኮንግሬሱ አንዱን እንዲመርጡ አዘዛቸው። እሳቸው ሁለቱም የሕዝብ አገልግሎት ስለሆኑ አንዱንም አልተውም በማለታቸው፣ በኅዳር ወር ከሹመታቸው ተሻሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ለእኚህ ሰው አልሠራም። ወር ያህል ቆይቶ ኮንግሬሱ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣቸው።

ከዚህ በኋላ መከራው በረታ። ከወረዳቸው እንዳይወጡ፣ በስብሰባም እንዳይገኙ ታገዱ። በ1956 ከሌሎች 155 ሰዎች ጋር በአገር ክህደት ተከሰው ታሰሩ፤ ከዓመት ገደማ በኋላ ክሱ ተነሣላቸው። መጋቢት 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ፖሊሶች የይለፍ ወረቀትን ሕግ ሊቃወሙ በወጡ ሰዎች ላይ ተኩሰው 69 ሰው ገደሉ። ጥቁሮች ይህን ወረቀት ሳይዙ መንቀሳቀስ አይፈቀድላቸውም ነበር። ሉቱሊም የራሳቸውን ወረቀት በሰው ፊት አቃጠሉ።

በታኅሣሥ 1961 ኦስሎ ሄደው የ1960ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ሽልማት በማግኘት ከአፍሪቃ ምድር የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው ያው እግድ ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 1967 በቤታቸው አቅራቢያ በባቡር ሐዲድ ላይ ተጎድተው ተገኙና በዚያው ቀን አረፉ። የጊዜው ምርመራ ባቡር ገጫቸው ብሎ ዘጋው፤ ቤተሰባቸው ግን አላመነም። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ የደቡብ አፍሪቃ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሽሮ በድብደባ እንደ ሞቱ ፈረደ። የታገሉለት የሁሉም ሕዝብ ምርጫ የተፈጸመው በ1994 ነው፤ እሳቸው አላዩትም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር ነው። መንግሥቱ በ1952 ሹመታቸውን ገፈፈ፤ ሕዝቡ ግን እስኪሞቱ ድረስ አለቃ ሉቱሊ ብሎ ይጠራቸው ነበር። መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ይወስደዋል፤ ሕዝብ ወዶ የሰጠውን ስም ግን የሚሽር ደብዳቤ የለም።