የጡት ካንሰርና የሆርሞንን ቁርኝት ያመላከቱት ሐኪም ሰር ጆርጅ ቢትሰን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የጡት ካንሰር ሕሙማን ተስፋ በቀዶ ሕክምና ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነበር። ጡት ተቆርጦ ከተወገደ በኋላ በሽታው ካገረሸ ሐኪሞች ሥቃይን ከማስታገስ ባለፈ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ይህን ሁኔታ ለመለወጥ መንገድ ከጠረጉት የሕክምና ባለሙያዎች መካከል በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ያገለገሉት ሰር ጆርጅ ቶማስ ቢትሰን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሰር ጆርጅ እ.ኤ.አ በ1848 በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ትሪንኮማሊ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ የሕክምና ትምህርታቸውን በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁ ሲሆን፣ በዚያም ቀዶ ሕክምና ከተህዋስያን የጸዳ እንዲሆን ባደረጉት በታዋቂው ጆሴፍ ሊስተር ሥር ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ በ1878 ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረቡት ጥናት ስለ ወተት አመነጫጨት ነበር። ጥናቱን ሲያካሂዱ በአንዳንድ አገሮች የሚኖሩ ገበሬዎች የወለደች ላም ወተቷ እንዳይነጥፍ የእንቁላል ማመንጫ ዕጢዋን እንደሚያስወግዱ ተረዱ። አንድ የአካል ክፍል ከእርሱ ርቆ በሚገኝ ሌላ ክፍል ላይ እንዴት ሊያዝ ቻለ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከአእምሯቸው አልጠፋም። ሆርሞን የሚለው ቃል በሳይንሱ ዓለም ጥቅም ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ1905 በመሆኑ ወጣቱ ሐኪም ላስተዋሉት ነገር መጠሪያ እንኳ አልነበረውም።

ጥያቄው በተግባር የተፈተነው እ.ኤ.አ በሰኔ ወር 1895 ነው። የ33 ዓመት ዕድሜ ያላት አንዲት ሴት ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ ካንሰሩ አገርሽቶባት ወደ እርሳቸው መጣች። ሰር ጆርጅ በካንሰሩ ላይ ሳይሆን በእንቁላል ማመንጫ ዕጢዎቿ ላይ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚታየው እብጠት የጠፋ ሲሆን፣ ታካሚዋም አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሕይወት ቆይታለች። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ1896 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ።

ይሁንና ዘዴው ለሁሉም አልሠራም። እ.ኤ.አ በ1900 በብሪታንያ የተሰባሰበ መረጃ የተሻሻሉት ሕሙማን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። የቀሩት ሴቶች ጥቅም ሳያገኙ ከባድ ቀዶ ሕክምናና ያለጊዜው የመጣ የወር አበባ መቋረጥ አስተናግደዋል። ማን እንደሚጠቀም አስቀድሞ የሚለይበት መንገድ አለመኖሩ የሕክምናው ትልቅ ችግር ነበር።

ምላሹ የተገኘው ሰር ጆርጅ ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኤልውድ ጄንሰን ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን በሕዋሳት ውስጥ መኖሩን አሳዩ። ቁልፍ ያለ ጓጉንቸር በር እንደማይከፍት ሁሉ፣ ሆርሞኑም ተቀባይ በሌለው ሕዋስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ቀድሞ በሕክምናው የተጠቀሙት ሴቶች በአመዛኙ ካንሰራቸው ይህ ተቀባይ ያለው እንደነበሩ በዚህ ታወቀ።

ተቀባዩ በጤነኛ ጡት ውስጥም ይገኛል፤ መኖሩም በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም። በጤነኛ ጡት የወተት ቧንቧ ሕዋሳት መካከል ተቀባዩን የያዙት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ እነርሱም በአብዛኛው ራሳቸው አይባዙም፤ የመባዛት መልእክት የሚያስተላልፉት ለጎረቤቶቻቸው ነው። በብዙ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ግን ይህ ሥርዓት ተዛብቶ ተቀባዩን የያዙት ሕዋሳት ራሳቸው ይባዛሉ። የወር አበባ ቀድሞ መጀመርና ዘግይቶ መቋረጥ ጡት ለሆርሞኑ የሚጋለጥበትን ዘመን ስለሚያራዝሙ ተጋላጭነትን ከፍ ያደርጋሉ። በወጣትነት መውለድና ጡት ማጥባት ደግሞ በረጅም ጊዜ ተጋላጭነቱን ይቀንሳሉ።

ሰር ጆርጅ ከሐኪምነታቸው ጎን ለጎን በቅዱስ እንድርያስ አምቡላንስ ማኅበርና በስኮትላንድ ቀይ መስቀል አመራር ውስጥ አገልግለዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለቁስለኞች እርዳታ በማስተባበርም ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ በ1907 የሰርነት ማዕረግ የተሰጣቸው ሲሆን፣ በ1933 በ84 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይመሩት የነበረው የግላስጎው ካንሰር ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ1953 በስማቸው ተሰይሟል።

የሥራቸው ፍሬ ከአገራችንም ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ሕሙማንን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ካንሰሮች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው መሆኑን አመልክቷል። ይህም እንደ ታሞክሲፈን ያሉ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የሆርሞኑን ሥራ የሚገቱ በአፍ የሚወሰዱ እንክብሎች ብዙ ሴቶችን ሊጠቅሙ እንደሚችሉ ያመለክታል።

በመሆኑም ከካንሰሩ በተወሰደ ናሙና ላይ የሚደረገው የተቀባይ ምርመራ ለታካሚዋ ትክክለኛውን ሕክምና ለመምረጥ ወሳኝ ነው። ምርመራው ባልተሟላበት ስፍራ የሚገኝ ሐኪም፣ እንደ ሰር ጆርጅ ዘመን ሁሉ፣ የትኛዋ ታካሚ በሕክምናው እንደምትጠቀም አስቀድሞ ለመለየት ይቸገራል። የላቦራቶሪ አገልግሎትን ማጠናከር ከመድኃኒት አቅርቦት እኩል ትኩረት የሚሻውም በዚሁ ምክንያት ነው።