ፖል ኤርሊክ፦ በፍየሎች ደም የሰውነትን ምስጢር የመረመረ ሐኪም

የሰው ሰውነት ከውጭ የሚገባበትን ጠላት ለይቶ ይዋጋል። የራሱን አካል ግን ከጠላት ቆጥሮ የማይመታው ለምንድን ነው? ዛሬ የሉፐስ ሕመምን መነሻ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚመላለሱበትን ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመታት በፊት በግልጽ ካነሡት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ ነው።

ኤርሊክ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 በዚያን ጊዜ በፕሩሺያ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው የስትሬለን ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ የጨርቅ ማቅለሚያዎች ቀልቡን ሳቡት። ቀለሞቹን በደም ጠብታ ላይ ሲሞክር አንዱ ቀለም አንዱን የሕዋስ ዓይነት መርጦ እንደሚይዝ አስተዋለ፤ በዚህም የነጭ ደም ሕዋሳትን በየዓይነታቸው ለየ።

ሳንባ ነቀርሳ ታሞ ወደ ግብፅ ሄዶ ካገገመ በኋላ ወደ በርሊን ተመለሰ። በዚያ ዘመን ሕፃናትን ለሚያንቀው የዲፍቴሪያ በሽታ ከእንስሳት ደም መድኃኒት ይዘጋጅ ነበር፤ ኃይሉ ግን ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያይ ነበር። ኤርሊክ ይህን ኃይል በትክክል የሚለካበትን ዘዴ አበጀ።

በ1900 አካባቢ በፍራንክፈርት ከባልደረባው ዩሊየስ ሞርገንሮት ጋር ፍየሎችን መረመረ። የአንዷን ፍየል ደም ለሌላዋ ሲወጉ፣ ተቀባይዋ የመጣባትን ደም የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል ታበቅላለች። ይህ ኃይል የራሷን ደም ግን አይነካም። ኤርሊክ ከዚህ ተነሥቶ ሰውነት ራሱን እንዳይመርዝ የሚከለክለው ልጓም አለው ሲል ደመደመ። በ1908 ከኢሊያ ሜችኒኮቭ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋራ፤ በ1910 ደግሞ ሳልቫርሳን የተባለው የቂጥኝ መድኃኒቱ ለገበያ ቀረበ። ኦገስት 20 ቀን 1915 በ61 ዓመቱ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ ብዙዎች ሐሳቡን ሰውነት ራሱን ፈጽሞ አይወጋም እንደ ማለት ተረዱት። በዚህም የተነሣ ሰውነት በራሱ ላይ ስለሚያስነሣው ሕመም የሚደረገው ምርምር ለዓመታት ተጓተተ። በ1948 ግን አሜሪካዊው ሐኪም ማልኮልም ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ ከሉፐስ ሕሙማን መቅኒ ውስጥ የሌላ ሕዋስን አስኳል የዋጡ ሕዋሳትን ማግኘታቸውን ገለጡ። በ1957 ደግሞ በሕሙማኑ ደም ውስጥ የሕዋስን የዘር ቅንጣት፣ ዲኤንኤን፣ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ። ልጓሙ መኖሩ እውነት ነበር፤ ሊላላ መቻሉም እንዲሁ።

ልጓሙን የሚያላላው ምን እንደሆነ ገና ሙሉ በሙሉ አልታወቀም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ ሆርሞን፣ የፀሐይ ብርሃንና አንዳንድ ቫይረሶች ድርሻ እንዳላቸው ጥናቶች ያመለክታሉ። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የማይለቅ ድካም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ ችላ ከተባለም ኩላሊትን ይጎዳል።

ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእርግማን ውጤትም አይደለም። ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም በሐኪም ክትትል ሊገታ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ የታየበት ሰው ሊገለል አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም እንዲደርስ ሊረዳ ይገባል።